አይነካም፣ ግን ይጠጣል

እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ውስጥ የሮማውያንን ትልቁን ገንዳ ለማየት የገባ ሰው እንፋሎቱ ፊቱን ይዳብሰዋል፤ እጁን ልስደድ ካለ ግን ማስጠንቀቂያው አትንኩ ይለዋል። ጠበል ወርዶ ሳይጠመቅ መመለስን ለማያውቅ እንደኛ ላለ ሰው ግር ያሰኛል። የውሃው አረንጓዴነት ከአልጌ የመጣ ነው። በሮማውያን ጊዜ ገንዳው ጣሪያ ስለነበረው ፀሐይ አያገኘውም ነበር፤ ዛሬ ሰማይ ወለል ብሎ ይታይበታል።

ክልከላው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 የምንጩ ውሃ በሚገባበት መዋኛ የዋኘች አንዲት ልጅ በውሃው ውስጥ የነበረ አሜባ ማጅራት ገትር አስይዟት ሞተች፤ መታጠቢያዎቹም ተዘጉ። ከተማዋ በፍል ውሃዋ ተጠርታ ፍል ውሃ የሚታጠብባት ሳይኖር ዓመታት አለፉ። አሁን መታጠብ የፈለገ በ2006 ወደተከፈተው አዲስ ቤት ይሄዳል፤ እዚያ ጣሪያው ላይ ባለው ገንዳ ተዘፍቆ የከተማዋን ሕንፃዎች ቁልቁል ያያል።

ፍል ውሃ ሲባል የኛ ሰው ስምጥ ሸለቆንና እሳተ ገሞራን ያስባል። ባዝ ግን እሳተ ገሞራ የላትም። ሜንዲፕ በሚባሉት ኮረብታዎች ላይ የጣለ ዝናብ በኖራ ድንጋዩ ስንጥቅ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ታች ይሰርጋል፤ የምድር ሙቀት ያሞቀዋል፤ መውጫ ስንጥቅ ሲያገኝ ሽቅብ ይመለሳል። ዋናው ምንጭ በቀን ከ1 ሚሊዮን ሊትር በላይ፣ 46 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል የሞቀ ውሃ ይሰጣል።

ሮማውያን ሲመጡ የአገሬው ሰው ሱሊስ የምትባል አምላክ እዚያው ምንጭ ላይ ያመልክ ነበር። እነሱም ከራሳቸው ሚነርቫ ጋር አዛምደው ቤተ መቅደስ ሠሩላት። ሰው ታዲያ ምን ይለምናት ነበር? ከምንጩ ውስጥ ከወጡት ቁሳቁሶች እኔን የሳቡኝ 130 ያህል የእርግማን ጽሑፎች ናቸው። እርሳስ ከሚባለው ማዕድን በስሱ ተቀጥቅጠው፣ በሹል ነገር ተጭረው፣ ተጠቅልለው ወደ ውሃው የተጣሉ ናቸው። አብዛኞቹ የስርቆት አቤቱታዎች ናቸው፤ ገላውን ሲታጠብ ልብሱን የተሰረቀ ሰው በዝቷል። ዶኪሜዲስ የሚባለው ሁለት ጓንት ጠፍቶበት ሌባው አእምሮውንና ዓይኑን እንዲያጣ ለምኗል። ለጓንት ዓይን ማስጠፋት በዛ፤ ቢሆንም ሌባሻይ በሌለበት አገር ምን ያድርግ! ሌሎቹ ደግሞ ሌባው እንዳያመልጥ ወንድም ይሁን ሴት፣ ባሪያም ይሁን ነጻ እያሉ ዙሪያውን ዘግተውበታል።

በ18ኛው መቶ ዘመን ባዝ የእንግሊዝ ባለጠጎች መዝናኛ ሆነች። ጠዋት ውሃ መጠጣት፣ ማታ መጨፈር ነው። ውሃው ዛሬም ይቀመሳል፤ የሚቀዳው ንጹሑ ከጥልቅ ጉድጓድ ተስቦ ነው። ለብ ያለ፣ ብረት ብረት የሚል፣ አረፋ የማያውቅ ነው። አምቦ ውሃ የለመደ ጉሮሮ አንድ ጉንጭ ይበቃዋል።

ባዝ ከውሃዋ ሌላ ለኛ የምትነግረን ታሪክም አላት፤ ከመሐል ከተማ ወደ ምዕራብ ወጣ ሲባል ኬልስተን መንገድ ላይ ፌርፊልድ የሚባል ቤት አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1936 ገዝተውት እስከ 1940 በስደት የኖሩበት ነው። በ1958 ለአረጋውያን መጠለያ እንዲሆን ለከተማዋ ሰጡት። ዛሬም ከካሪቢያንና ከሌላም አገር የመጡ አዛውንቶች እየተሰባሰቡ ምሳቸውን ይበሉበታል።