በእጃችሁ የያዛችሁት ዕቃ ስንት ኪሎ ነው? ከሰውነታችሁስ ምን ያህል ይርቃል?

ዛሬ ስለ ወገብ ህመም እናወራለን። ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ አቀማመጥ ነው፤ የዛሬው ግን በእጅ ዕቃ ስለ መያዝ ነው። መጋዘን፣ ሱፐርማርኬት፣ ሆቴል ወይም የግንባታ ዕቃ መሸጫ ውስጥ የምትሠሩ፣ ውሃ ሲጠፋ ደግሞ ጀሪካን ይዛችሁ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ የምትወጡ፣ ይሄ ለእናንተ ነው።

ስንት ኪሎ ይበዛል?

የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም በሁለት እጅ ለሚነሳ ዕቃ ያስቀመጠው ጣሪያ 23 ኪሎ ነው። እሱም ሁሉም ነገር ሲመቻች ነው፦ ዕቃው ሰውነት አጠገብ ሲሆን፣ ከመሬት ሳይሆን ከፍ ካለ ቦታ ሲነሳ፣ ጥሩ መያዣ ሲኖረው፣ ወገብ ሳይጠማዘዝ እና ቶሎ ቶሎ ሳይደጋገም። ዕቃው ከቁርጭምጭሚታችሁ 50 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ከራቀ ግን ጣሪያው በግማሽ ይወርዳል፤ 11.5 ኪሎ ብቻ!

አሁን አወዳድሩት። ውሃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከነፕላስቲኩ 21 ኪሎ ገደማ ነው። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ ነው፤ ለሁለት ሰው ቢካፈል እንኳ ለእያንዳንዱ 25 ይደርሰዋል።

ርቀቱ ለምን ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል?

የወገብ ጡንቻዎች ከአከርካሪው መሃል በ5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ሆነው ነው የሚስቡት። እጃችሁ ላይ ያለው ዕቃ 50 ሳንቲ ሜትር ከራቀ ጡንቻው የክብደቱን 10 እጥፍ መሳብ አለበት። ማለትም 10 ኪሎ ካርቶን እጅን ዘርግቶ መያዝ ለወገብ የ100 ኪሎ ያህል ሥራ ነው። ይሄ ሁሉ ጫና የሚያርፈው አከርካሪና ዲስኩ ላይ ነው።

ዝም ብሎ መያዝም ያደክማል

ሰው ሲራመድ ጡንቻው ይኮማተራል፣ ይላላል፤ በዚህ መሃል ደም ይገባል። ዕቃ ይዛችሁ ስትቆሙ ግን ጡንቻው እንደተኮማተረ ይቆያል፣ የራሱን የደም ስሮች ይጨምቃል። ስለዚህ የአቅማችሁን ግማሽ የሚያህል ክብደት ይዛችሁ መቆየት የምትችሉት ለ1 ደቂቃ አካባቢ ነው። «ቆይ ያዝልኝ» ተብላችሁ እጃችሁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ስንፍና አይደለም፤ አስቀምጡት።

ምን እናድርግ?

1. ዕቃውን ደረታችሁና ሆዳችሁ አጠገብ አድርጋችሁ ያዙ።
2. ስትዞሩ በእግራችሁ ዙሩ፤ ወገባችሁን አታጠማዝዙ።
3. አንድ ከባድ ጀሪካን በአንድ እጅ ከመያዝ ሁለት ትናንሾችን በሁለት እጅ ያዙ። ደረጃ ላይ በየፎቁ አስቀምጣችሁ እረፉ።
4. ከባዱን ዕቃ መሬት ላይ ሳይሆን በወገብ ከፍታ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡ።
5. የወገብ ቀበቶ ጤነኛ ሰውን ከጉዳት ይከላከላል የሚል በቂ ማስረጃ የለም። ቀበቶ ታጥቄያለሁ ብላችሁ ክብደት አትጨምሩ።

«ዶክተር፣ በጆንያ ነው የሚከፈለኝ፣ ቀንሼ ምን ልበላ?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ይሄ በሠራተኛው ጥንቃቄ ብቻ አይፈታም። አሠሪዎች፣ አንድ የእጅ ጋሪ ለዓመታት ያገለግላል፤ የተጎዳ ወገብ ግን እንደ ጋሪ አይተካም።

መቼ ነው ሳይዘገይ ሐኪም ጋ የሚኬደው?

አብዛኛው የወገብ ህመም በሳምንታት ውስጥ ይሻላል፤ አልጋ ላይ ከመዋል ቀስ እያሉ መንቀሳቀስ ይመረጣል። ነገር ግን ሽንት እምቢ ካለ ወይም ሽንትና ሰገራ ካመለጠ፣ በብልትና በመቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ወይም እግር እየሰነፈ ከሄደ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ነርቭ ታፍኖ ሊሆን ይችላል፤ ከዘገየ ጉዳቱ ቋሚ ሆኖ ሊቀር ይችላል። «ነገ ያልፋል» አትበሉ።

ዕቃ ተሸክሞ ለሚውል ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት። ጤና ይብዛላችሁ!