ሣጥን ውስጥ ስለሚኖር ብል

ከእንጦጦ ጋራዎች የሚወርደው ነፋስ በየካ አባዶ ማታ ማታ ሲበረታ፥ ሰው ሁሉ ሣጥኑን ከፍቶ የሱፍ ልብሱን ይፈልጋል። በዚህ ጊዜ ከአባት የተወረሰው በርኖስ ወይም ከመንዝ የመጣው ባና እንደ ወንፊት ተበሳስቶ ቢገኝ፥ የቤቱ ሰዎች የሚያዝኑት ስለ ዋጋው ብቻ አይደለም፤ የለበሰውንም ሰው ስለሚያስታውሳቸው ነው። ስለዚህ ይህን ጥፋት የሚያደርሰውን የብልን ጠባይ ለእናቶችና ለአባቶች ልናስረዳ ወደድን።

ብል የእሳት ራት ከሚባሉት ወገን ነው፤ ነገር ግን እንደ ዘመዶቹ ወደ መብራት አይሄድም፤ ብርሃንን ይሸሻል። ክንፉ ወርቅማ ሲሆን፥ ሲዘረጋ ከ9 እስከ 16 ሚሊ ሜትር ነው። በቤት ውስጥ ሲበር አይተን የምናሳድደው አብዛኛውን ጊዜ ወንዱ ነው። ሴቲቱ ግን በልብሱ እጥፋት ተሸሽጋ ከ40 እስከ 50 የሚሆን እንቁላል ትጥላለች። ክንፍ ካወጡ በኋላ ሁለቱም ምግብ አይበሉም። ሱፉን የሚበላው ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ነጭ ትል ነው። ትሉ ሐር የመሰለ ክር እያወጣ መሸሸጊያ ይሠራል፤ ካደገም በኋላ በሽፋን ውስጥ ተለውጦ ክንፍ ያወጣል። ይህ ሁሉ በሞቃት ስፍራ በ2 ወር ገደማ ሲፈጸም፥ በቀዝቃዛ ስፍራ እስከ 2 ዓመት ሊቈይ ይችላል። እንግዲህ የደጋ ብርድ ያዘገየዋል እንጂ አያጠፋውም።

የትሉ ምግብ ሱፍ፥ ጠጕርና ላባ ነው። ንጹሕ የጥጥ ሸማ አይስማማውም፤ ላብና ቅባት የነካውን ግን ሊጐዳ ይችላል። ከሁሉ ይልቅ የሚወደው ጨለማና ጸጥታ ነው። እኛም በርኖሱን ለክብሩ ብለን ዓመት ሙሉ ስንቈልፍበት፥ ለብሉ ቤት እንሠራለታለን።

ስለዚህ የሱፍ ልብስ ሳይጸዳ አይቀመጥ። በየወሩም ከቤት ውጭ ይራገፍ፥ ፀሐይ ይምታው፥ ስፌቱና የአንገቱ ሥር በብሩሽ ይጠረግ። ብል የገባበት ልብስ በላስቲክ ተጠቅልሎ፥ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ 2 ሳምንት ቢቀመጥ እንቁላሉም ትሉም ይሞታል። ናፍታሊን የምታስቀምጡ ግን ተጠንቀቁ፤ ሕፃናት ከረሜላ መስሏቸው ቢውጡት ይመርዛቸዋል።

የአባትን ልብስ ማክበር መቈለፍ ብቻ አይደለም፤ እየከፈቱ መጐብኘትም ነው።