የጋራ ሥራን ለሕዝብ የሚያሳይ ድረ ገጽ እንዴት ይዘጋጃል?



የኮምፒውተር ትምህርት የተማሩ ወጣቶች ለመድረሳ፣ ለእድርና ለበጎ አድራጎት ማኅበር መዝገብ የሚይዙ ፕሮግራሞችን ሊሠሩ ይችላሉ። ይሁንና ወልዲያ ላይ የተሠራውን መርሳ ያለው ካላወቀ፣ በአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ይደከማል። ሥራዎቹን በአንድ ቦታ የሚያሳይ ድረ ገጽ ይህን ድካም ያስቀራል።

እንዲህ ያሉ ሥራዎች «ክፍት ምንጭ» ወይም ኦፕን ሶርስ ሲሆኑ ይበልጥ ይጠቅማሉ። ክፍት ምንጭ ማለት የፕሮግራሙ ኮድ ለሁሉም ተገልጦ፣ ማንም እንዲጠቀምበት፣ እንዲያሻሽለውና ለሌላ እንዲያካፍለው የተፈቀደ ማለት ነው። የአገራችን የጤና ተቋማት ሪፖርት የሚያስተላልፉበት ዲ ኤች አይ ኤስ 2፣ በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ክፍት ምንጭ ፕሮግራም ነው። «አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል» የተባለው የግዕዝ ፊደል ፎንትም በክፍት ፈቃድ በነጻ ይታደላል።

ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ገጽ ይበቃል። በገጹም የሚከተሉት ይስፈሩ፦ ፕሮግራሙ የሚፈታው ችግር፣ አሠራሩን የሚያሳይ ሥዕል፣ ኮዱ የሚገኝበት አድራሻ፣ መጨረሻ የታደሰበት ቀንና የፈቃዱ ዓይነት። ፈቃድ ያልተጻፈበት ኮድ ለዓይን ቢታይም የባለቤቱ መብት የተጠበቀ ነውና ሌላው እንደልቡ ሊገለገልበት አይችልም። ገጾቹ ዳታቤዝ የማይሹ ቀላል ገጾች ቢሆኑ በደካማ ኔትዎርክ ቶሎ ይከፈታሉ፤ እንደ ጊትሀብ ባሉ አገልግሎቶችም ያለ ክፍያ ሊቀመጡ ይችላሉ።

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልዲያና አካባቢዋ በጦርነት ውስጥ ሳሉ መብራትና ስልክ ተቋርጦ እንደነበር አንዘነጋም። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የፈጠረው ጊት የተሰኘ መሣሪያ ለእንዲህ ያለ ጊዜ ይበጃል። በእርሱ የሚሠሩ ሰዎች እያንዳንዳቸው የሥራውን ሙሉ ቅጂ ከነታሪኩ በየኮምፒውተራቸው ይይዛሉ። የወልዲያው ኮምፒውተር ቢጠፋ በሀብሩ ያለው ቅጂ ይተርፋል፤ መስመሩ ሲመለስም የየግሉ ሥራ ይዋሐዳል።

ነገር ግን ሥራን ከመጥፋት የሚያድነው ይኸው ጠባይ ምስጢርን ከመጥፋት አይለይም። የየቲሞች መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም ለሕዝብ ሲቀርብ ክፍት የሚሆነው ኮዱ እንጂ መዝገቡ አይደለም። አንድ የልጅ ስም፣ ፎቶግራፍ ወይም የአሳዳጊ ስልክ በስሕተት ከኮዱ ጋር ቢገባ፣ በማግሥቱ ከገጹ ቢሰረዝ እንኳ በታሪኩና በተሠራጩት ቅጂዎች ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ለማሳያ የሚቀርቡት ስሞች ሁሉ የፈጠራ ይሁኑ፤ እውነተኛው መዝገብም ከኮዱ ተለይቶ በሌላ ቦታ ተቆልፎ ይቀመጥ። ገጹ ከመከፈቱ በፊትም ከሠሪው ሌላ አንድ ሰው እያንዳንዱን ፋይል ይመርምር።

ለጋሾችና ቤተሰቦችም እንዲህ ያለ ድረ ገጽ ሲታያችሁ በቅድሚያ ይህንኑ ጠይቁ። ዛሬ የምንረዳው ልጅ ነገ አድጎ ስሙን በኢንተርኔት ሲፈልግ፣ የተቸገረበትን ዘመን መዝገብ ሊያገኝ አይገባውም።