ለቡና ለቀማ የሚቀጠሩ ጊዜያዊ ሠራተኞች ሲታመሙ

በመቱ፣ በሁሩሙ፣ በያዮና በጎሬ ዙሪያ የክረምቱ ዝናብ እየሳሳ ሲሄድ ቡናው ይቀላል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት የበሰለውን እሸት ቡና የቤተሰብ ጉልበት ብቻውን ለቅሞ ስለማይጨርሰው፣ ከደጋማ ቦታዎች ጭምር የሚመጡ ለቃሚዎች በጊዜያዊነት ይቀጠራሉ። ይኸው ወቅት በቆላማ ስፍራዎችና በወንዞች ዳር ወባ የሚበረታበት ጊዜ መሆኑ ይታወቃል። የደጋ ሰው ደግሞ ለበሽታው እንግዳ ስለሆነ ይጠናበታል።

ለቃሚው የሚከፈለው በኪሎ በመሆኑ በትኩሳት ተይዞ በተኛበት ቀን የሚመዘንለት ነገር የለም። በዚህም ምክንያት ስንቁ ሲያልቅበት ሳይሽረው ወደ ለቀማው ይመለሳል፤ ወይም ሁሉንም ትቶ ወደ አገሩ ይሄዳል። ይህ ከመለመዱ የተነሣ ቀጣሪውም ተቀጣሪውም ሕጉ እንዲህ የሚል ይመስላቸዋል። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወቅታዊ ሥራን ያውቀዋል። በየዓመቱ እየተደጋገመ በተወሰነ ወራት ብቻ ለሚሠራ ሥራ ለተወሰነ ጊዜ መዋዋል ይፈቀዳል። በሌላ ሰው መሪነት ለደመወዝ የሚሠራ ሰው ክፍያው በቀንም ይሁን በሥራው መጠን ሠራተኛ ነው። የሕመም ፈቃድ የሚባለውም ለቋሚ ሠራተኛ ብቻ የተጻፈ አይደለም። በሥራ ላይ ጉዳት ሳይሆን በሌላ ሕመም ሥራ መሥራት ያልቻለ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ፈቃድ ያገኛል፤ ለመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለሚቀጥሉት 2 ወራት ግማሹ ይከፈለዋል፣ የቀሩት 3 ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። እርግጥ ነው፣ ለለቀማ ወቅት ብቻ የተዋዋለ ሰው ውሉ ሲያበቃ ፈቃዱም አብሮ ያበቃል።

ችግሩ ያለው በሙከራ ጊዜ ላይ ነው። የሕመም ፈቃድ መብት የሚጀምረው የሙከራ ጊዜ ከተፈጸመ በኋላ ሲሆን፣ የሙከራ ጊዜ ደግሞ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊደርስ ይችላል። በሳምንት 6 ቀን ቢሠራ ይህ 10 ሳምንት ማለት ነው። ጥቅምት 10 ቀን የተቀጠረ ለቃሚ ሙከራውን የሚጨርሰው ታኅሣሥ 20 ቀን አካባቢ፣ ቡናው ከዛፉ ላይ ሲያልቅ ይሆናል ማለት ነው። በጎሬ አቅራቢያ እንዳለው የጉማሮ ሻይ ልማት ቅጠል ዓመቱን ሙሉ በሚቀጠፍበት ቦታ 60 ቀን ብዙ አይደለም፤ በቡና ግን ወቅቱን በሙሉ ይውጠዋል።

ይሁን እንጂ አዋጁ ሁለት ነገሮችን አስቀምጧል። አንደኛው፣ የሙከራ ጊዜ የሚኖረው በጽሑፍ ስምምነት ሲደረግበት ነው፤ በቃል የተቀጠረን ለቃሚ «ገና በሙከራ ላይ ነህ» ማለት አይቻልም። ሁለተኛውና ለኢሉባቦር ገበሬዎች ይበልጥ የሚጠቅመው፣ ለዚያው ቀጣሪ፣ ለዚያው ሥራ እንደገና የተቀጠረ ሠራተኛ ሙከራ የሌለበት መሆኑ ነው። በየዓመቱ ወደዚያው ማሳ ተመልሶ የሚመጣው ለቃሚ እንግዳ አይደለም። ኅዳር 15 ቀን ቢታመም የሕመም ፈቃዱ አብሮት አለ።

ይህን የሚያረጋግጠው ያለፈው ዓመት የለቃሚዎች መዝገብ ነው። ከኪሎ መመዝገቢያው ጋር ስምና የተቀጠሩበት ቀን ካልተጻፈ ግን ማስረጃ አይገኝም። የጽሑፍ ውል ባይኖር እንኳ ቀጣሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ የተፈረመ ወረቀት ለሠራተኛው የመስጠት ግዴታ አለበት።

ወባን በሚመለከት አንድ የሚዘነጋ ነጥብ አለ። በአካባቢው ተስፋፍቶ የሚገኝ በሽታ በሥራ ምክንያት እንደመጣ በሽታ አይቆጠርም፤ ስለዚህ ወባ ለያዘው ለቃሚ ያለው መንገድ የሕመም ፈቃድ ብቻ ነው። ከዛፍ ላይ ወድቆ የተሰበረ ወይም በገጀራ የተቆረጠ ሰው ጉዳይ ሌላ ነው። ያ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት በመሆኑ የሙከራ ጊዜ አይጠበቅበትም፤ የሕክምናው ወጪም በቀጣሪው ላይ ይወድቃል።

አንዳንድ ነባር የማኅበር መሪዎች ራሳቸውን እንደ ቀጣሪ አድርገው አለማየታቸው የሚያስገርም አይደለም። አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠር መሬትን ለሕዝብ ሲያደርግ፣ ከአቅመ ደካሞች በስተቀር በቅጥር ጉልበት ማሳረስን ከልክሎ ነበር፤ ቅጥር የተፈቀደው በ1982 ዓ.ም. በተደረገው የኢኮኖሚ ፖሊሲ ለውጥ ነው። ዛሬ ግን የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ያለው የኅብረት ሥራ ማኅበር ለአልጋ ላይ ማድረቂያው፣ ለለቀማውና ለጥበቃው ሰው ሲያሠራ ቀጣሪው ማኅበሩ ራሱ ነው። ወጪው የሚከብዳቸው ማኅበራት እንደሚኖሩ አይካድም፤ ከለቀማው በፊት ለዚህ የሚሆን ገንዘብ በጠቅላላ ጉባኤ አስወስኖ መያዝ የሚሻለውም ለዚሁ ነው።

በለቃሚው በኩል የሚጠበቀው ከባድ አይደለም። ቀጣሪው መታመሙን የማያውቅ ከሆነ በቀረበት ማግስት ማሳወቅና ከጤና ተቋም የሕክምና ማስረጃ ማምጣት አለበት። ትኩሳት የያዘውን ሰው ቶሎ ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ መላክ ለሕይወቱም ይበጃል፤ ሕመሙ ከጠናም በመቱ የካርል ሆስፒታል አለ። ማስረጃውን በላብ ከሚርስ ኪስ ይልቅ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ማስቀመጥ ይመረጣል።

ያልተከፈለ ደመወዝ የሚጠየቅበት ጊዜ 6 ወር ብቻ ነው። በኅዳር መጨረሻ ሊከፈል ይገባ የነበረ የሕመም ወር ደመወዝ በግንቦት መጨረሻ በይርጋ ይታገዳል፤ በዚያን ጊዜ ለቃሚው በአገሩ እርሻ ላይ ነው፣ የሚመለሰውም ቡናው እንደገና ሲቀላ ነው።