መምህር በሌለበት ቋንቋን ስለ መማር
የቅኔ ቤት ሥርዐትና በሚስፈላ የሚሰማው ዐረብኛ

ሚስፈላ በመካ ከተማ ከታላቁ መስጊድ በስተ ደቡብ የሚገኝ ሠፈር ነው። የስሙ ትርጓሜ ዝቅ ያለው፣ ታችኛው ስፍራ ማለት ነው። ስሙ የወጣው ሰፈለ ከሚለው የዐረብኛ ግስ ሲሆን በፊቱ የተጨመረው «ሚ» የስፍራ ምልክት ነው። ግእዝ የተማረ ሰው ይህን ቢሰማ እንግዳ አይሆንበትም፤ ሠረቀ ካለው ምሥራቅ፣ ዐረበ ካለው ምዕራብ፣ ሰገደ ካለው ምስጋድ እንደሚወጣ ያውቃልና። ዐረቡም እንዲሁ ሸረቀ ብሎ መሽሪቅ፣ ገረበ ብሎ መግሪብ፣ ሰጀደ ብሎ መስጂድ ይላል። እንግዲህ አንድ የሠፈር ስም ብቻ የሰማ ሰው፣ የሰማውን መርምሮ ለመፍታት ከደፈረ፣ በዚያው ቀን አንድ ቃል ሳይሆን አንድ ሥርዐት ተምሮ ሊውል ይችላል።

በዚህ ሠፈር፣ እንዲሁም ከመካ በስተ ምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በቀይ ባሕር ዳር በምትገኘው በጅዳ፣ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። መካ ለእስልምና ተከታዮች ብቻ የተፈቀደች ስለ ሆነች በሚስፈላ ያሉት ሙስሊሞች ናቸው፤ በጅዳ ግን የሁለቱም ሃይማኖት ልጆች አሉ። ከሴቶቹ የሚበዙት በሰው ቤት የሚሠሩ ናቸው፤ ወንዶቹም በጥበቃ፣ በቀን ሥራና በከብት እረኝነት ይተዳደራሉ። አንዳንዱ በውል በአውሮፕላን ሄደ፤ ሌላው በጅቡቲና በየመን በኩል በእግሩና በጀልባ ተሻገረ። የመንገዱ ዐይነት ይለያይ እንጂ ሁሉንም አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፤ ይኸውም ወደ ቋንቋው የሚገቡት ያለ ሰሌዳና ያለ መጽሐፍ መሆኑ ነው።

ስለ ቋንቋ ትምህርት የሚመራመሩ የውጭ አገር ሊቃውንት ይህን ጕዳይ ካነሡት ግማሽ ምእት ዓመት ሆኖታል። ጆን ሩቢን የምትባል አሜሪካዊት በ1975 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ቋንቋ በቶሎ የሚገባው ተማሪ ምን እንደሚያደርግ ጽፋለች፤ ያልታወቀውን ከታወቀው ይገምታል፣ ስሕተትን አያፍርም፣ ለመነጋገር ይቸኵላል፣ የገዛ ንግግሩንም ያዳምጣል ብላ። ከእርስዋም በኋላ ሆሌክ የተባለው ፈረንሳዊ በ1981 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ለአውሮፓ ምክር ቤት በተዘጋጀ ጽሑፍ፣ ተማሪ የራሱን ትምህርት ኀላፊነት ሊሸከም እንደሚገባው አስረዳ፤ ይኸውም ምን እንደሚማር፣ በምን መንገድ እንደሚማር፣ ምን ያህል እንደ ተማረም ራሱ መርምሮ ማወቁ ነው። ነገሩ መልካም ነው። ነገር ግን ለኢትዮጵያ አዲስ ነው ብሎ የሚያቀርበው ሰው ቢኖር ቅኔ ቤትን አላየም።

ግእዝን ከእናቱ አፍ የሰማ ሰው ከብዙ መቶ ዓመታት ወዲህ የለም። ስለዚህ ቅኔ ቤት የሚገባ ደቀ መዝሙር ሁሉ የእንግዳ ቋንቋ ተማሪ ነው። መምህሩ ግሱን ይነግሩታል፤ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ፣ አእመረ፣ ባረከ፣ ሤመ፣ ብህለ፣ ቆመ ብለው ስምንቱን አርእስት ያስይዙታል። ከዚያ ወዲያ ያለው የራሱ ድካም ነው። ጧት ከጓደኞቹ ተለይቶ ከዛፍ ሥር ወይም ከገደል አፋፍ ተቀምጦ ቅኔውን ይቈጥራል። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ በዘአምላኪየ፣ በሚ በዝኁ፣ በዋዜማ፣ በሥላሴ እያለ እስከ መወድስ ይወጣል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ቢደግም ወይም የጓደኛውን ቢያመጣ ነውር ነው፤ በየቀኑ አዲስ ነገር መናገር አለበት። የቈጠረውን ለመምህሩ ሲነግር መምህሩ ያቃኑለታል፤ ስሕተቱም በጉባኤ ፊት ስለሚታረም ከእርሱ ጋራ ሌላው ሁሉ ይማርበታል። በትምህርት የበረታው ተማሪ ታናሹን ያስጠናል። የዋሸራው መንገድ አልስማማ ቢለው ወደ ዋድላ ወይም ወደ ጎንጅ ለመሄድ የሚከለክለው የለም፤ መምህሩን የሚመርጠው እርሱ ነው፤ አኵፋዳውን ይዞ ስንቁን የሚለምነውም እርሱ ነው። ሆሌክ ኀላፊነት ያለው ይህ ነው።

በወሎ ያለው የደረሳ ትምህርትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ደረሳው ከሸኹ ዘንድ ለመማር አገር ለአገር ይዞራል፣ የዐረብኛውን ነሕው በአማርኛ እየተተረጐመለት ያጠናል፣ ከእርሱ በታች ያለውን ያስቀራል። ሚስፈላ ከሚደርሱት መካከል በዚህ መንገድ ያለፉ አሉ። እነዚህ ማንበቡን ይዘው ይመጣሉ፤ የሚከብዳቸው ሌላ ነው። የመጽሐፉ ዐረብኛና የሒጃዝ ገበያ ዐረብኛ አንድ አይደሉምና። መጽሐፉ እንጀራን ኹብዝ ይላል፤ ባለ ሱቁ ዐይሽ ይላል። መጽሐፉ ውሃን ማእ ሲል በጅዳ ቤት ሞያ ይባላል። (ሞያሽን አምጪ የተባለች መስሏት የምትደናገር ሴት ብትኖር አያስቅም።)

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብ የሚገባው ግን አንድም ትምህርት ቤት ሳታይ በቀጥታ ከአሠሪዋ ወጥ ቤት የምትገባው ሴት ናት። ለእርስዋ ቋንቋው የሚሰጣት በትእዛዝ አንቀጽ ነው። ታዓሊ፣ ሩሒ፣ ጂቢ፣ ነዝዚፊ፣ ኡስኩቲ፤ ነዪ፣ ሂጂ፣ አምጪ፣ አጽጂ፣ ዝም በዪ። ከጧት እስከ ማታ የምትሰማው ይህ ስለ ሆነ የምትይዘውም ይህንኑ ነው። ከዚህ ሁለት ጕዳት ይመጣል። የመጀመሪያው፣ ቃሎቹ ሁሉ በሴት አነጋገር ስለ ደረሷት ለወንዱም ለባለ ሱቁም ታዓሊ ትላለች፤ ወንዱን አንቺ ብላ ትጠራለች ማለት ነው። ይህስ በሣቅ ያልፋል። ሁለተኛው ግን ከባድ ነው፤ የታዘዘችውን ለመፈጸም የሚበቃ እንጂ የራስዋን ነገር ለመናገር የሚበቃ ቋንቋ አይኖራትም። ሦስት ዓመት ሠርታ ስትወጣ ሁሉን ትሰማለች፤ «ደመወዜን አልተቀበልሁም» ብሎ ማስረዳት ግን ያቅታታል።

እዚህ ላይ የእርባታ ትምህርት ዋጋው ይታያል። የቅኔ ተማሪ አንዲት ቃል ሲሰማ በሰማት መልክ አይተዋትም፤ ያረባታል። ንዒ ለሴት ከሆነ ነዐ ለወንድ ነው፤ ሑሪ ለሴት ከሆነ ሑር ለወንድ ነው። ታዓሊና ታዓል፣ ሩሒና ሩሕም እንዲሁ ናቸው፤ በሁለቱም ቋንቋ የሴቲቱ ምልክት መጨረሻ ላይ ያለችው «ኢ» ናት። ወደ ካልአይ አንቀጽ ቢሻገርም ያው ዝምድና ይከተለዋል። ግእዙ እሰምዕ፣ ትሰምዕ፣ ይሰምዕ፣ ንሰምዕ ሲል ዐረቡ አስመዕ፣ ተስመዕ፣ የስመዕ፣ ነስመዕ ይላል። እነዚህ ፊደላት በአማርኛም፣ እሰማለሁ፣ ትሰማለህ፣ ይሰማል፣ እንሰማለን ሲባል የሚገኙ ስለ ሆኑ ቅኔ ቤት ያልገባችውም ሴት ቤትዋ ይዛቸው መጥታለች፤ እንዳሏት የነገራት የለም እንጂ። በቀዳማይ አንቀጽ ግን መጠንቀቅ ይገባል፤ ግእዙ ሰማዕኩ ብሎ በ«ኩ» ሲፈጽም ዐረቡ ሰሚዕቱ ብሎ በ«ቱ» ይፈጽማልና።

ስሞቹም እንዲሁ ዘመዳሞች ናቸው። ርእስ ረእስ ነው፤ ዐይን ዐይን ነው፤ ልሳን ሊሳን፣ ደም ደም፣ ሐሊብ ሐሊብ ነው። ቍጥሩም ኀምስቱ ኸምሳ፣ ሰብዐቱ ሰብዓ፣ ዐሠርቱ ዐሸራ እያለ ይሄዳል። ነገር ግን ዘመድ መስሎ የሚያታልል አለ፤ ላህም በግእዝ ላም ስትሆን ለሕም በዐረብኛ ሥጋ ነው። ፈትሐ በግእዝ ፈታ፣ ፈረደ ሲሆን በዐረብኛ ከፈተ ነው። ገምቶ መያዝ መልካም ሆኖ ሳለ የገመቱትን መፈተን የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

አማርኛ ተናጋሪውን የሚጥለው ዋናው ነገር ድምፅ ነው። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ እየተባለ ፊደሉ በገበታ ሲቈጠር፣ አማርኛ ድምፃቸውን አንድ አድርጎባቸዋል። በዐረብኛ ግን እያንዳንዳቸው ሕያዋን ናቸው። «ኬፍ ሐላክ» እንዴት ነህ ማለት ነው፤ ሐመሩን በብዙኃኑ ለውጦ «ኬፍ ኻላክ» ያለ ሰው አጎትህ እንዴት ነው ብሎ ጠየቀ። ዐመል በዐይኑ ዐ ሥራ ነው፤ አመል በአልፋው አ ተስፋ ነው። ሥራ ፈልጋ የመጣች ሴት ይህችን አንዲት ድምፅ ብታጠፋ ተስፋ እፈልጋለሁ እንዳለች ይቈጠራል። ተመሳሳይ ፊደላት ከአማርኛ ገበታ ይውጡ እያሉ የሚከራከሩ ሰዎች ይህን ነገር ቢያስቡበት ይበጃል። ፊደሉን በስሙ ለይታ የምታውቅ ልጅ፣ ድምፁን በጅዳ ስትሰማው ወዴት እንደምታስቀምጠው ታውቃለች፤ ያላወቀችው ግን ሁለቱን እንደ አንድ ሰምታ ታልፈዋለች።

ባሕሩን ወዲህ የተሻገረም ነበረ። በ16ኛው ምእት ዓመት የነበሩት አባ እንባቆም የየመን ተወላጅ ነበሩ፤ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ ግእዝን ካደጉ በኋላ ተምረው፣ በደብረ ሊባኖስ መንኵሰው እስከ እጨጌነት ደረሱ። አንቀጸ አሚንን በግእዝ ጻፉ፤ በረላም ወይዋስፍ የተባለውንም መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መለሱ። በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ያለው ድልድይ ከሁለቱም ዳር የሚሄዱበት እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል። ልዩነቱ አባ እንባቆም መምህርና ጉባኤ፣ ጊዜና ነጻነት ማግኘታቸው ነው።

ይህም ልዩነት ቀላል አይደለም። ተማሪ ራሱን ያስተምራል ሲባል፣ ወጥቶ የሚገባ፣ የሚጠይቀው ጓደኛ ያለው፣ ሲሳሳት የማይመታ ሰው መሆኑን ያመለክታል። በር ተዘግቶባት፣ ስልኳ ተወስዶ፣ ከመዳሟ በቀር የምታናግረው የሌላት ልጅ ብልኀቱን ብታውቅ እንኳ የምትሠራበት ስፍራ የላትም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቍጥር 923 ከሄያጁ የ8ኛ ክፍል ትምህርትና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ጠይቆ ነበር፤ ዐሳቡ ተገቢ ነው። ከዚያ በፊት በ2006 ዓ.ም. ከሳውዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት የተመለሱት ኢትዮጵያውያን 160,000 ያህል ነበሩ። ስለዚህ የራስን ትምህርት መሸከምን ማመስገን፣ ልጅን ያለ አንዳች ትምህርት የሚሰድደውን ደላላም ቤተ ሰብም ነጻ ሊያወጣ አይገባም።

በአንድ ሳምንት ሥልጠና ሁሉን ማስያዝ አይቻልም። መቶ የዕቃ ስም ከማስጠናት ግን መጠየቂያውን ማስያዝ ይሻላል፤ የዕቃውን ስም አሠሪዋ ራስዋ ትነግራታለች፣ መጠየቂያውን ግን አትነግራትም። ኤሽ፣ ምን፤ ሚን፣ ማን፤ ፌን፣ የት፤ መታ፣ መቼ፤ ሌሽ፣ ለምን፤ ከም፣ ስንት። ከእነዚህ ጋራ «ማ ፈሂምት» አልገባኝም፣ «ኤሽ መዕና» ትርጓሜው ምንድር ነው የሚሉትን ከያዘች የቤቱ ሰው ሁሉ፣ ሕፃናቱ ሳይቀሩ፣ መምህሮችዋ ይሆናሉ። ሕፃናቱማ ከሁሉ ይበልጣሉ፤ ቃል መደጋገም አይሰለቻቸውም፣ ስሕተትን እያረሙ ይሥቃሉ እንጂ አይቈጡም። ማታ ከመተኛትዋ በፊት የቀኑን ቃል በግእዝ ፊደል በወረቀት ብታሰፍር፣ ሐመሩንና ብዙኃኑን ለይታ ብትጽፍ፣ በማግሥቱም አንዱን ትእዛዝ አርብታ በራስዋ አንቀጽ ብትናገረው፣ ይህ የቅኔ ቈጠራ ነው። ደመወዝ ራቲብ ይባላል፤ የእኔ ሲሆን ራቲቢ ነው። «ራቲቢ መታ?» ሁለት ቃል ነው፤ አውሮፕላን ከመሳፈር አስቀድሞ በአንድ ከሰዓት ይያዛል።