የአትክልት ወዳጅ የሆኑ ነፍሳት

ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ በሚገናኙበት በካርቱም ከተማ፥ በወንዞቹ ዳርና በቱቲ ደሴት ላይ ከብዙ ዘመን ጀምሮ አትክልትና ፍራፍሬ ሲለማ ኖሮአል። በዚያም እንደ ሌላው አገር ሁሉ የባምያና የኪያር ጠላት ከሆኑት አንዱ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ነው። ክሽክሽ ከቅጠል በታች ተጣብቆ የተክሉን ፈሳሽ ይመጥጣል። ሴቲቱ ያለ ወንድ ትወልዳለች፤ የተወለደችውም በሞቃት ወራት ሳምንት ያህል ቆይታ እርስዋ ደግሞ ትወልዳለች።

ቅጠሉ ሲጨማደድ ያየ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወደ መርዝ ይቸኩላል። ነገር ግን በዚያው ቅጠል ላይ ክሽክሹን የሚበሉ ሌሎች ነፍሳት ይኖራሉ። መርዙም ወዳጅን ከጠላት ስለማይለይ ሁሉንም አብሮ ይፈጃል። ስለዚህ ወዳጆቹን ለይቶ ማወቅ ለአትክልተኛ ሁሉ ተገቢ ነው።

ወዳጆቹ የትኞቹ ናቸው?

፩ኛ/ ጀርባዋ ቀይ ሆኖ ጥቁር ነጥብ ያለባት ትንሽ ጥንዚዛ ናት። በዓባይ ሸለቆ ከሚገኙት መካከል አሥራ አንድ ነጥብ ያላት ትታወቃለች። ትልዋ ግን እናቲቱን ከቶ አትመስልም፤ ረዘም ያለች፥ ጥቁር፥ በጎንዋ ቢጫ ምልክት ያለባት ናት። አትክልተኞች ይህችን ትል ጎጂ መስላአቸው ይገድሉአታል፤ እርስዋ ግን አድጋ ጥንዚዛ እስክትሆን ድረስ ክሽክሽን በመቶ እየቈጠረች ትበላለች።

፪ኛ/ ክንፍዋ እንደ ስስ መረብ የሆነ አረንጓዴ ነፍሳት ናት። እንቁላልዋን በቀጭን ክር ጫፍ ላይ አንጠልጥላ ታስቀምጣለች። ትልዋም ክሽክሹን በመንጋጋዋ ወግታ ትመጥጠዋለች።

፫ኛ/ ንብ የምትመስል፥ በአየር ላይ ቀጥ ብላ የምትቆም ዝንብ ናት። እርስዋ ራስዋ የአበባ ማር ትቀስማለች፤ ልጆችዋ ግን ክሽክሽ ይበላሉ።

፬ኛ/ በክሽክሹ ሰውነት ውስጥ እንቁላልዋን የምትጥል ደቃቅ ተርብ ናት። ክሽክሹ አብጦና ደርቆ የገለባ መልክ ከያዘ የእርስዋ ሥራ መሆኑ ይታወቃል።

የገዚራ ምሳሌ

ወዳጅን ከጠላት ጋር መፍጀት የሚያስከትለውን ጉዳት ከካርቱም በስተ ደቡብ የሚገኘው የገዚራ የጥጥ እርሻ በግልጽ አሳይቶአል። ይህ እርሻ በ1925 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሰናር ግድብ ሲፈጸም በሰፊው ተጀመረ። መርዝ በጥጡ ላይ መረጨት በጀመረበት ዘመን ለአንድ ወቅት አንድ ጊዜ ያህል ይበቃ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ግን መርጫው ወደ ዘጠኝ ጊዜ ገደማ ደረሰ፤ ተባዩም አልጠፋም። ነጭ ዝንብ የተባለው ተባይ መርዙን ለመደ፤ የሚበሉት ነፍሳት ግን አለቁ። ከነጭ ዝንቡ የሚንጠባጠበው ጣፋጭ ፈሳሽ ጥጡን ስላጣበቀው በፈትል ፋብሪካዎች ዘንድ ተነቀፈ።

በ1979 የሱዳን የግብርና ምርምር ድርጅት ከዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ጋር ሆኖ ሌላ መንገድ መረመረ። ተባዩ ጥቂት ሲታይ ከመርጨት ይልቅ፥ ጉዳቱ ከፍ ያለ ልክ እስኪደርስ ድረስ መታገሥ እንደሚቻል ተረጋገጠ። መርጫው ሲቀንስ ወዳጆቹ ነፍሳት ተመለሱ። በ1990ዎቹም ይኸው ትምህርት ቲማቲምና ሽንኩርት ለሚተክሉ ገበሬዎች በየማሳቸው ተሰጠ። በሚያዝያ 2023 የተነሣው ጦርነት ካርቱምንና ገዚራን ክፉኛ ጎድቶአል፤ የተገኘው እውቀት ግን የትም ቦታ ላለ አትክልተኛ ይጠቅማል።

ምን ማድረግ ይገባል?

ከመርጨት በፊት ቅጠሉን ገልብጦ ማየት ይገባል። ከላይ የተጠቀሱት ነፍሳት ከተገኙ ጥቂት ቀን መታገሥ መልካም ነው፤ እነርሱ ከክሽክሽ ይልቅ በዝግታ ይራባሉና አንድ ጊዜ ካለቁ ቶሎ አይመለሱም። ክሽክሹ ጥቂት ሲሆን በውሃ ኃይል ማራገፍ ይቻላል። ጉንዳኖች ስለ ጣፋጩ ፈሳሽ ብለው ክሽክሹን ከጠላት ይጠብቁታል፤ ስለዚህ ወደ ተክሉ እንዳይወጡ መከልከል ያስፈልጋል። ከድንብላሉና ከእንስላሉ ጥቂቱን እስኪያብብ መተው ለዝንቢቱና ለተርቢቱ ምግብ ይሆናል። መርዝ የግድ ካስፈለገ የተጎዳውን ተክል ብቻ፥ ንቦች በማይሰማሩበት በምሽት ጊዜ መርጨት፥ በዕቃው ላይ የተጻፈው የመቆያ ቀን ሳይፈጸምም ምርቱን ለገበያ አለማቅረብ ይገባል።

የከተማ አትክልት ቦታዎችን የሚቆጣጠሩ ሹማምንትም ሠራተኞቻቸው በቀን መቁጠሪያ እየተመሩ እንዳይረጩ፥ መጀመሪያ እንዲመረምሩ ቢያዝዙ፥ የመርዙ ወጪ ይቀንሳል፤ የሕዝቡም ጤና ይጠበቃል።