የመድረኩ ቃልና የቤተሰቡ ስሌት፦ ስለ ስደት ምን እናስተምር?

በምዕራብ ሐረርጌ ስደት በሁለት ዓይነት አነጋገር ይነሣል። በስብሰባ መድረክ «ሕገ ወጥ ስደት» ይባላል፤ ንግግሩም ወንጀልንና ሞትን ያስጠነቅቃል። በቤተሰብ ዘንድ ግን ጉዳዩ የኑሮ ስሌት ነው። ዝናብ ሲቀር፣ መሬቱም ለልጆች ሁሉ ሳይበቃ ሲቀር፣ ከባሕር ማዶ በተላከ ገንዘብ የተሠራው የጎረቤት ቆርቆሮ ቤት ከማስጠንቀቂያው ይልቅ ይሰማል። ከአዋሽ ወደ ሚኤሶ፣ ከዚያም ወደ ድሬዳዋና ጅቡቲ በሚያመራው መንገድ ላይ ለምትገኘው ቦርደዴ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

የሁለቱ አለመገናኘት በ2006 ዓ.ም. በጉልህ ታየ። በጥቅምት ወር መንግሥት ዜጎች ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ እንዳይሄዱ አገደ። በዚያው ሰሞን ሳዑዲ ዓረቢያ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ዜጎች ማስወጣት ጀመረች፤ በጥቂት ወራትም ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ይሁን እንጂ እገዳውም ሆነ የተመላሾቹ መከራ ጉዞውን አላስቆመውም። ዓለም አቀፉ የስደት ድርጅት እንዳስታወቀው፣ በ2019 እ.ኤ.አ. በጦርነት ላይ ወደነበረችው የመን በባሕር የገቡት ከ138 ሺህ በላይ ሲሆኑ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ሕጋዊው በር ሲዘጋ የደላላው በር ክፍት ሆኖ ቆየ።

ከዚያ ወዲህ አዋጅ ቁጥር 923/2008 ለሕጋዊ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት ሥርዓት አበጅቷል። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ደግሞ በሰው የሚነግዱትንና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር የሚያሻግሩትን ይቀጣል፤ ለተጎጂው ግን ጥበቃ ያደርጋል። እንግዲህ ተመላሹን እንደ ወንጀለኛ መቍጠር ከሕጉም ከክርስቲያናዊ ምግባርም ጋር አይስማማም።

የቤተሰቡን ስሌት ሳይነካ የሚያልፍ ትምህርት ከልብ አይደርስም። ስለዚህ የሰበካ ጉባኤ አባላትና ካህናት «አትሂዱ» ከማለት አስቀድመው ከቤተሰቡ ጋር ቢቈጥሩ ይበጃል። ለደላላ የሚከፈለው ከየት ይመጣል? በሬው ተሽጦ ወይም ብድር ተገብቶ ከሆነ፣ ልጁ መንገድ ላይ ቢቀር ዕዳውን ማን ይከፍላል? አጋቾች ከየመን ደውለው ማስለቀቂያ ቢጠይቁስ? ልጁ 18 ዓመት ሞልቶታልን? የሚሄድበት አገር ከኢትዮጵያ ጋር የሥራ ስምምነት አለውን? ፈቃደኛ የሆነ ተመላሽ ያየውን ቢመሰክር ደግሞ ከብዙ ንግግር ይልቅ ይደመጣል።

የጌታችንንና የእመቤታችንን ስደት የምናስብበት ወርኃ ጽጌ ለዚህ ትምህርት የተመቸ ጊዜ ነው። የሄደውን ሳንኰንን፣ የተመለሰውን ሳናሳፍር፣ ሊሄድ ያሰበውን ደግሞ ሙሉውን እውነት እንንገረው።